የሰጪው ምስክር ማን ነው?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆኑኝ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱም የሚገኙት እኛው ቤት ውስጥ ነው። አንደኛው የአያቴ የመቀነት ጫፍ ነው። ሳንቲምና ዝርዝር ብር ቋጥራበት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ስትመለስ ቋጠሮው ተፈትቷል። ሁለተኛው አባቴ ከትምህርት ማስረጃዎቹ ጋር በፕላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠው የህዳሴው ግድብ የቦንድ ሰርተፊኬት ነው። ሦስተኛው እኔ ስልክ ውስጥ ያለ ስክሪንሾት ነው። መቶ ብር በቴሌብር ልኬ፣ መድረሱን የሚገልጸውን መልእክት ፎቶ አድርጌ የክላሳችን ልጆች ግሩፕ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ቦንድ ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። አባቴ ግን "ገንዘቤን መልሱልኝ" ሲል አንድ ቀን ሰምቼው ስለማላውቅ እኛ ቤት ስጦታ ተብሎ ተመዝግቧል።

እንግዲህ ሦስታችንም ሰጥተናል። እኔና አባቴ ለሰጠነው ነገር ማስረጃ አለን። አያቴ የላትም። ለማን ስንት እንደሰጠች ብትጠየቅ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ "እሱ ያውቀዋል" ትላለች፤ በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

ባለፈው ሴሚስተር በሕዝብ ግንኙነት ኮርስ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገቢ እንዴት እንደሚያሰባስቡ ተምረን ነበር። የተሰጠን ሃንድአውት ለጋሾችን በትውልድ ይከፋፍላል፤ ቤቢ ቡመር፣ ጄኔሬሽን ኤክስ፣ ሚሌኒያል፣ ጄን ዚ እያለ። ምክሩ ባጭሩ ሲቀመጥ ለአዛውንቱ ደብዳቤ ጻፉ፣ ለጎልማሳው ኢሜይል ላኩ፣ ወጣቱን በሞባይል አግኙት የሚል ነው። ክፋት የለውም። ነገር ግን ቤቢ ቡመር የሚባለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1964 ባለው ጊዜ፣ አሜሪካ ውስጥ የወሊድ ቁጥር ሲያሻቅብ የተወለደ ሰው ነው። የኔ አያት ዕድሜዋን የምትቆጥረው በሌላ ነው። "ጃንሆይ ሲወርዱ አባትሽን አዝዬ ነበር" ነው የምትለው። ለሷ ደብዳቤ ቢጻፍላት የማነብላት እኔው ነኝ!

እኔ እንደማስበው ትውልዶቹን የሚለያያቸው ገንዘቡን የሚልኩበት መንገድ አይደለም። ሲሰጡ ማን እንዲያያቸው ይፈልጋሉ የሚለው ነው። ለአንዱ ፈጣሪ ካየ ይበቃዋል፤ ሌላው ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ እንዲያውቅለት ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ጓደኞቻችንን በስልክ ሰብስበን "እዩ" እንላለን። ይህን ያየ አካል ምስክር ብዬዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህንን የተረዳሁት ከሃንድአውቱ ሳይሆን በገዛ እጃችን ካበላሸነው ሥራ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

እሱ ያውቀዋል

የአያቴ ትውልድ አብዛኛውን የሚሰጠው በእምነቱ በኩል ነው። ክርስቲያኑ ምጽዋት፣ አሥራት፣ ስለት ይላል። ሙስሊሙ ዘካና ሰደቃ ይላል፤ ዘካ እንዲያውም የተቆረጠ ልክ አለው፤ መጠኑ የሞላና ዓመት የዞረበት ገንዘብ ላይ ከመቶ 2.5 እጅ ይወጣል። ሁሉም በድብቅ ነው ማለቴ አይደለም። በንግሥ ዕለት ጥላ ዘቅዝቀው ሲለምኑ ማን ስንት እንደጣለ የቆመው ሁሉ ያያል፤ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጨረታ ሲወጣ ደግሞ የባለሀብቱ ስም በማይክሮፎን ነው የሚጠራው። የተራዋ ሴት አሰጣጥ ግን እንደዚያ አይደለም። ከመቀነት ይፈታል፣ እጅ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። ቁጥሩ ከታወቀ ዋጋው የሚቀንስ ይመስላታል።

ሌላው ጠባይዋ ድርጅት አታምንም፤ የምታምነው ሰው ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው፣ በረሃብ መሀል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። በ2013 ዓ.ም እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስንት ሺህ ሕዝብ ያወቀው ድርጅት ዛሬም የሚጠራው በስማቸው ነው። ሰው ሲሰጥ "ለእዳዬ ነው የምሰጠው" ይል ነበር እንጂ ስለ ድርጅቱ መተዳደሪያ ደንብ የጠየቀ የለም። ለገቢ አሰባሳቢ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ትልቅ አደጋም ነው። የታመነው ሰው ሲያልፍ እምነቱን ወደ ድርጅቱ ማዛወር ቀላል ሥራ አይደለም።

በዚህ ትውልድና በሚቀጥለው መሀል እድር አለ። እድር ላይ የሚያየው ፈጣሪ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ያዡም ነው፤ ያልከፈለ ይቀጣል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ በየሰፈሩ ወላጆችን ሲጨርስ ብዙ እድሮች ከቀብር ማስፈጸም አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረው ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው የሰፈራችን ማኅበርም የተወለደው እንዲያ ነው። አያቴ መሥራች ናት። ዛሬ ለ43 ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ ምሳ ያበላል።

ስሜ ይነበብ

ወደ አባቴ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የህዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ሲጣል እንደሌሎች ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች የወር ደመወዙን በየወሩ እያስቆረጠ ቦንድ ገዝቶበታል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስም ዝርዝር ተለጥፎ ነበር፤ ከነፊርማው። ከዚያ በኋላ 8100 ላይ A ብለን እንድንልክ ሲባል እኛ ቤት ሎተሪው ይደርሰን ይሆን ብለን ተሻምተናል፤ አባቴ ግን ለሎተሪው ግድ አልነበረውም፤ እሱን ያስደሰተው ሁሉም በአንድ ላይ መላኩ ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ሰርተፊኬቱን ከፕላስቲኩ አወጣው። ምንም አልተናገረም። መልሶ ጠቀለለው።

ይህ ትውልድ የሚፈልገው ምስክር ማኅበረሰቡ ነው። ማኅተም ያለው ካርኒ ይፈልጋል። ስብሰባ ላይ ስሙ እንዲነበብ ይፈልጋል። ጉራ ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ስም ሲነበብ ገንዘቡም አብሮ ይነበባል፤ ገንዘብ ያዡ መቶውን ሃምሳ ማድረግ አይችልም። እንዲህ ሲታይ ስም ማስነበብ የድሮ ኦዲት ነው። ለድርጅቱም የዚህ ትውልድ ለጋሽ እንደ ወርቅ ነው፤ ከደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮ የሚቀጥለው ወር ስንት እንደሚገባ ቀድሞ ያስታውቃል። ምሳ የሚያበላ ማኅበር ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ልጅ በየቀኑ ይርበዋልና። ደካማ ጎኑ ሰውየው ጡረታ የወጣ ዕለት ወይም መሥሪያ ቤት የቀየረ ዕለት መዋጮው አብሮ መቆሙ ነው። ለዚያ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ "አሁንስ እንዴት ትቀጥል?" የሚለው ድርጅት ጥቂት ነው።

ምስክር መፈለግ የኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። እኛው አገር ከሚሠሩት ድርጅቶች አንዱ የሆነው "ሰዎች ለሰዎች" የተጀመረው በውርርድ ነው። ግንቦት 1973 ዓ.ም ካርልሃይንዝ በም የሚባለው ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ በአንድ የጀርመንኛ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራቡት አንድ ማርክ፣ ወይም አንድ የስዊስ ፍራንክ፣ ወይም ሰባት ሽልንግ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። የሚያሳዝነው ውርርዱን አሸነፈ። ቢሆንም 1.2 ሚሊዮን ማርክ ያህል ተሰበሰበ። ገንዘቡን ለሌላ ድርጅት አስረክቦ ወደ ትወናው መመለስ ይችል ነበር። እሱ ግን ራሱ ኢትዮጵያ መጣ፤ ኅዳር 1974 ዓ.ም ድርጅቱን አቋቋመ፤ ለብዙ ዓመታት እየተመላለሰ ያየውን ለሰጪዎቹ ሲናገር ኖረ። ሰጪዎቹ ያላዩትን እሱ አየላቸው። ያን ምሽት ሰላሳ ዓመት የሞላው ተመልካች ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድርጅት ሁለት ሥራ በአንዴ ይጠብቀዋል። አንደኛው አሮጌውን ለጋሽ እስከ ኑዛዜው ድረስ መሸኘት ነው፤ በአውሮፓ ለበጎ አድራጎት መናዘዝ የተለመደ ነገር ነው፤ እኛም ዘንድ ቤቱን ለቤተ ክርስቲያን የሚናዘዝ አለ። ሁለተኛው በምን ስም እንደሚጠራው ለማያውቀው ወጣት አዲስ ምስክር መፈለግ ነው።

እዩኝ፣ ልኬአለሁ

እኛስ? ስለኛ ትውልድ "አይሰጥም" ሲባል ያናድደኛል። እንሰጣለን፤ ፍጥነታችን ደግሞ ለጉድ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ካፌ ተቀምጦ ሃምሳ ብር መላክ ማኪያቶ ከማዘዝ ይቀላል። በ2010 ዓ.ም ክረምት ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በቀን አንድ አንድ ዶላር እንዲያዋጡ ሲጠየቁ ሐሳቡ ያው ነበር፤ ትንሽ፣ ግን ከብዙ ሰው። በ2017 ዓ.ም መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በዩቲዩብ የቀጥታ ሥርጭት ቀናትን የፈጀ ገቢ ማሰባሰቢያ ሲያደርግ ደግሞ ሦስቱ ትውልዶች በአንድ ጊዜ ሲሰጡ ታየ ማለት ይቻላል። አያቴ የኔን ስልክ ይዛ መሥራቹን አቶ ቢኒያም በለጠን እያየች አለቀሰች፤ አባቴ የሚጠሩትን ስሞች ያዳምጥ ነበር፤ እኔ የማየው እየጨመረ የሚሄደውን ቁጥር ነው። ያየነው አንድ ስክሪን ነው፤ የየራሳችንን ምስክር ግን እዚያው አገኘን።

የኛ ትውልድ ችግር መቆየት ላይ ነው። ዛሬ ልከን ነገ እንረሳዋለን። ደግሞ ጥያቄ እናበዛለን፤ "ከመቶ ብሬ ስንቱ ልጆቹ ጋ ይደርሳል?" እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕጉም ይጠይቃል፤ የ2001 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪን ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦት ነበር፣ የ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1113 ደግሞ ወደ 20 በመቶ አውርዶታል። የኛ ሰው ግን መልሱን በፐርሰንት ሳይሆን በፎቶ ይፈልጋል። ሲበሉ አሳዩን ይላል።

ያበላሸነው እዚህ ላይ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የማኅበሩ ኮሚቴ እኔንና ሦስት የሰፈር ልጆችን ጠርቶ "እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ በዘመናዊ መንገድ ገንዘብ አምጡልን" አለን። ነባሮቹ አባላት እየሞቱ ነበር፤ በየወሩ የሚገባው መዋጮ ለምሳው አይበቃም። እኛም ደስ ብሎን የቴሌግራም ቻናል ከፈትን፣ የሰጪዎችን ስም ከነብራቸው ለጠፍን፣ ልጆቹ ሲበሉ ፎቶ አንስተን አወጣን። በመጀመሪያው ወር 117 ሰው ላከ። ጮቤ ረገጥን። እኔማ ለኮርሱ ፕሮጀክት አቀርበዋለሁ ብዬ ግራፍ ሁሉ ሠርቼ ነበር።

ከዚያ መጀመሪያ የመጡት የአያቴ ጓደኛ ናቸው። ከሟች ባለቤታቸው ጡረታ አጠራቅመው 2,000 ብር ለገንዘብ ያዡ በእጃቸው ሰጥተው ነበር። እኛ ስማቸውን ለጠፍን። የልጃቸው ልጅ አይቶ አነበበላቸው። እቤት ድረስ መጥተው፣ "ለእግዜር የሰጠሁትን ለሰፈር አወራሽብኝ? እንግዲህ ዋጋዬን ተቀበልኩ ማለት ነው" አሉኝ። ምን ይመለሳል? ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ ሰጥተው አያውቁም፤ ቢሰጡም እኛ አናውቅም።

የአባቴ እኩዮች በተቃራኒው አኮረፉ። በቴሌብር ከላኩ በኋላ ካርኒ ጠየቁ፤ እኛ "ሜሴጁ ካርኒ ነው" አልናቸው። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ስም አልተነበበም፤ ቻናሉ ላይ አለ ብለን ነው። አንዱ ተነስተው "ስልክ የሌለው ሰው አባል አይደለም እንዴ?" ሲሉ ቤቱ አጨበጨበ። ወጣቶቹ ደግሞ፣ ማለቴ እኛ፣ በሦስተኛው ወር ከ117 ሰው 19 ቀረን።

ይህ ሁሉ ግን የሚጠገን ነገር ነው። ሌላው ይከብዳል። ፎቶው ላይ ከነበሩት አንዱ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነው። ፎቶው ከቻናላችን ወጥቶ ትምህርት ቤቱ ደረሰ፤ አንድ የክፍሉ ልጅ ስልክ ላይ ታየ። በማግሥቱ ለምሳ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ፈልጌው ሄድኩ፤ በራቸው ላይ ቆሞ "እኔ እንድታነሱኝ ነግሬያችኋለሁ?" አለኝ። አልነገረንም። አልጠየቅነውም። አያቱ ወጥተው "ተይው የኔ ልጅ፣ ይበርድለታል" ሲሉ ከሱ ይልቅ እኔ አፈርኩ። ለመቶ ብር ሰጪ ማስረጃ ለማቅረብ ብለን ምሳውን ቀማነው።

ይህን ስጽፍ ሃንድአውቱን አንድ ነገር እከሰዋለሁ። ስለ ለጋሹ ዕድሜ ስንት ገጽ ጽፎ ስለሚረዳው ልጅ ዕድሜ አንድ መስመር አልጻፈም። እያንዳንዱ ትውልድ ምስክር ይፈልጋል፤ ለኛ ትውልድ በጣም ርካሹ ምስክር ደግሞ የልጅ ፊት ነው። ነጻ ነው፣ ያስለቅሳል፣ ሼር ይደረጋል። ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ልጁ ነው።

ፎቶዎቹን በሙሉ አጠፋን፤ ከኛ ስልክ ማለቴ ነው፣ ሌላው ስልክ ላይ ያለውንማ ማን ያጠፋዋል። ከዚያ ሥራውን ለሦስት ከፈልነው። ለአያቶቹ በማኅበሩ በር ላይ አንድ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን ተቀመጠ፤ ስም የለውም፣ በየወሩ ሦስት ሰው ሆኖ ይከፈታል። ለአባቶቹ ማኅተም ያለው ካርኒ ታተመ፤ በየሦስት ወሩ ስም ዝርዝሩ በጉባኤ ይነበባል፣ እንዳይነበብለት የሚፈልግ "አንድ የሰፈሩ ሰው" ይባላል። ይህቺን የጨመርናት በአያቴ ጓደኛ ምክንያት ነው። ለኛ ትውልድ ደግሞ በፎቶ ፈንታ ድስት አሳየን። በየሳምንቱ ዓርብ የወጪውን ዝርዝር እንለጥፋለን፤ በቀን ሃምሳ እንጀራ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ ዘይትና ከሰል፣ ከነደረሰኛቸው። አንድ ሰው ወይም አንድ ዶርም "የማክሰኞን ሽሮ እኔ ችያለሁ" ማለት ይችላል። ማክሰኞ ማታ "ሽሮህ ተበልቷል፣ 43 ሳህን ታጥቧል" የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሰው የሚመለሰው በዚህ ነው። የኛ ዶርም ረቡዕን ይዟል።

ገንዘቡ ወዲያው አልጨመረም። እንዲያውም ፎቶዎቹን ካጠፋን በኋላ ባለው ወር ገቢው ወረደ፤ ከኮሚቴው አንድ ሁለት ሰዎች "ፊታቸውን እንኳ ሸፍናችሁ ብታወጡስ?" ብለው ነበር። ቀስ እያለ ግን ቆመ። አሁን በየወሩ ሳያቋርጡ የሚልኩ ወጣቶች 34 ደርሰዋል፤ ከ117 ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ገንዘብ ያዧ ግን ለሚቀጥለው ወር ሽሮ ስታዝ አትፈራም።

ልጁ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ አይበላም። እስካሁን። ታናሽ እህቱ ግን በየቀኑ ምሳዋን ከጨረሰች በኋላ ምሳ ዕቃ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች። ሴቶቹ ምንም ሳይጠይቋት ይሞሉላታል፤ ክዳኑን ሁለቴ ተጭና ትዘጋና በጓሮ በር ትወጣለች።